ክላራ ዊክ

በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ የጀርመን አገር በአንድ መንግሥት ሥር የተጠቃለለ አልነበረም። ልዩ ልዩ ነገሥታትና መሳፍንት ተከፋፍለው ይገዙት ነበር። ከእነዚህ ግዛቶች አንዱ በሆነው በሳክሶኒያ ውስጥ በመጻሕፍት ኅትመት፣ በንግድና በሙዚቃ ስሟ የገነነ ላይፕዚግ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በዘመኗ ከነበሩት ታላላቅ የፒያኖ ተጫዋቾች አንዷ የሆነችው ክላራ ዊክ በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1819 ተወለደች። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አባቷ ፍሪድሪክ ዊክ በችግር ያደገ፣ ለሰባኪነት ከተማረ በኋላ ሙዚቃን በአብዛኛው በራሱ ጥረት አጥንቶ የፒያኖ አስተማሪ ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ከማስተማሩም ሌላ ፒያኖ ይሸጥና ያከራይ፣ የታተሙ የሙዚቃ ድርሰቶችንም በኪራይ ያውስ ነበር። ትጉህና ብልህ ነው፤ ነገር ግን ቍጡ፣ በገንዘቡ የሚሳሳና ከቃሉ የወጣውን ሁሉ የማይታገሥ ነበር። እናቷ ማሪያኔ ደግሞ በላይፕዚግ የሙዚቃ አዳራሽ በዘፋኝነትና በፒያኖ ተጫዋችነት የምትታወቅ ባለሙያ ነበረች። ልጆች እየወለደች፣ ተማሪዎች እያስተማረች፣ በአዳራሽም እየቀረበች የባሏን ጠባይ ለጥቂት ዓመታት ከቻለች በኋላ በ1824 ቤቱን ጥላ ወደ ወላጆቿ ሄደች። በሳክሶኒያ ሕግ ግን ልጆች የአባት ነበሩ። ስለዚህ ክላራ አምስት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጉያ ወጥታ ለአባቷ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ሕፃኗ ገና አፏን በሚገባ አልፈታችም ነበር። አራት ዓመት እስኪያልፋት ድረስ መናገር ስላልጀመረች የሚያውቋት ሰዎች ጆሮዋ ሳይደነቍር አልቀረም ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ጥርጣሬው ከንቱ መሆኑን ያስረዳው ፒያኖው ነው። ሰዎች የሚናገሩትን ልብ የማትለው ልጅ በፒያኖ የሰማችውን ትንሽ ዜማ መልሳ በጣቷ ታወጣው ነበር። ፒያኖ እንደ በገና አውታር የተወጠሩ ብዙ የብረት አውታሮች በውስጡ የያዘ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ትንሽ መዶሻ ተስፈንጥራ አውታሩን ትመታለች፤ በለዘብታ ቢጫን ድምፁ ይለሰልሳል፣ በኃይል ቢጫን ይጐላል። ስለዚህ የተጫዋቹ ጥበብ ሁሉ ያለው በጣቶቹ ላይና ጣቶቹን በሚያዘው ጆሮ ላይ ነው። ፍሪድሪክ ዊክም የልጁን ትምህርት የጀመረው ከኖታ ሳይሆን ከጆሮዋ ነበር። ኖታ ማንበብ ከመማሯ በፊት ትናንሽ ዜማዎችን በቃሏ እየያዘች፣ ድምፆቹንም በጣቷ እየፈለገች እንድትጫወት አደረጋት።

የዊክ አስተማሪነት እንደ ጠባዩ ቢሆን ኖሮ ክላራ ገና በልጅነቷ ታክታ በቀረች ነበር። በሙያው ረገድ ግን ይህ ቍጡ ሰው አስተዋይ ነበር። ሕፃናት ከጧት እስከ ማታ ፒያኖ ላይ ተተክለው መዋል አለባቸው የሚለውን ልማድ አይቀበለውም። ክላራ በቀን አንድ ሰዓት ከእሱ ዘንድ ትማራለች፣ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዋን ትለማመዳለች፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይም ይሁን ብርድ ረዥም መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። የደከመ ሰውነትና የሰለቸ ልቡና ሙዚቃ አያፈልቅም የሚል እምነት ነበረው። በተጨማሪም መዝፈን፣ ቫዮሊን መጫወት፣ ዜማ ከዜማ ማስማማትና ድርሰት መድረስ ከተለያዩ መምህራን እንድትማር አደረገ። በከተማይቱ ኮንሰርትና ኦፔራ በቀረበ ቍጥር ይዟት ይሄድ ነበር። ለኮንሰርት ጉዞ ይጠቅማል ብሎ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አስጀመራት። ለተራው ትምህርት ግን ብዙም ግድ አልነበረውም፤ ክላራ መደበኛ ትምህርት ቤት የቆየችው ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው።

የዚህ አስተዳደግ እንግዳ ምስክር ሆኖ የቀረው የክላራ የዕለት ማስታወሻ ነው። ፍሪድሪክ ዊክ ይህን ማስታወሻ ያስጀመረው በ1827 ሲሆን ለብዙ ዓመታት ሲጽፍበት የኖረውም ራሱ ነበር። ሆኖም የሚጽፈው በልጁ አንደበት ነው። እኔ የሚለው ክላራን ነው፣ አባቴ የሚለው ራሱን ነው። ምን እንደ ተጫወተች፣ ማን እንዳጨበጨበላት፣ ከኮንሰርቱ ስንት እንደ ተገኘ፣ አባቷ ስለ ምን እንደ ተቈጣት ሁሉ በእርሱ እጅ በእርሷ ስም ተመዝግቧል። በአንድ ገጽ ላይ ሰነፍ፣ ግዴለሽና እልከኛ መሆኗን፣ አንዱንም ድርሰት አበላሽታ በመጫወቷ አባቷ ኖታውን ፊቷ ላይ ቀዳዶ መጣሉን፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ ከድምፅ መሰላልና ከጣት ማለማመጃ በስተቀር ምንም እንዳትጫወት መከልከሏን ይናገራል። ይህ የሆነው በ1828፣ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። ልጅቱ ስለ ራሷ የምታስበውን ለመጻፍ እንኳ ብዕሩ በእጇ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ቀን ክላራ ገቫንድሃውስ በተባለው የላይፕዚግ የሙዚቃ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀረበች። ኮንሰርቱ የሌላ ተጫዋች ስለ ነበር የእርሷ ድርሻ ለአራት እጅ የተደረሰ አንድ ድርሰት በጋራ መጫወት ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 8 ቀን 1830፣ በዚያው አዳራሽ በራሷ ስም የተጠራ ኮንሰርት ስታቀርብ ዕድሜዋ ገና አሥራ አንድ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ሮበርት ሹማን የሚባል ወጣት በዊክ ቤት አዳሪ ተማሪ ሆነ። ሹማን ከክላራ ዘጠኝ ዓመት ይበልጣል። የሕግ ትምህርቱን ትቶ ታላቅ የፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ተመኝቶ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ የቀኝ እጁ ጣት ስለ ታወከበት ምኞቱ ከሽፎ ፊቱን ወደ ድርሰት መለሰ። በዊክ ቤት ያየውን በየጊዜው ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን አባትየው ትንሹን የክላራን ወንድም ቫዮሊን በሚገባ አልተጫወትህም ብሎ መሬት ላይ ጥሎ ጠጕሩን ሲጐትት፣ ክላራ ፈገግ እያለች ወደ ፒያኖዋ ሄዳ ድርሰቷን በእርጋታ መጫወቷን መዝግቧል። በነገሩ ሹማን ቢደነግጥ አያስደንቅም። ክላራ ግን ከዚያ የተለየ ቤት አታውቅም ነበር።

በ1831 መጸው አባትና ልጅ ወደ ፓሪስ ጉዞ ጀመሩ። በዚያ ዘመን አንድ ሙዚቀኛ ኮንሰርት ለማቅረብ ወደ አንድ ከተማ ሲሄድ የሚጠብቀው አዳራሽና የሚቀበለው ድርጅት የለም። የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ በየታላላቁ ሰው ቤት እየዞረ በነፃ መጫወት፣ ወዳጅ ማፍራት፣ ከዚያም አዳራሽ መከራየት፣ ማስታወቂያ ማሳተም፣ ለመብራትና ለረዳት ሙዚቀኞች መክፈል፣ የሚጫወትበትንም ፒያኖ ፈልጎ ማስቃኘት የራሱ ፈንታ ነው። ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ፍሪድሪክ ዊክ ነበር፤ ክላራ ደግሞ በጐኑ ሆና ታያለች። በቫይማር ከተማ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ የሆነው ባለቅኔው ጎቴ ቤት ገብታ ተጫወተች። ሽማግሌውም ወንበሩ እንዳያጥርባት ትራስ አምጥቶ ካነጠፈላት በኋላ አጨዋወቷን አድንቆ የራሱ መልክ የተቀረጸበት ሜዳሊያ ሸለማት። ፓሪስ ግን አልቀናቸውም። በ1832 የጸደይ ወራት ኮሌራ ከተማይቱን ስለ መታት ባለጸጎቹ እየሸሹ ወጡ፤ ለታላቅ አዳራሽ የታሰበው ኮንሰርትም በትንሽ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዎች ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በፍጥነት የበሰለችባቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ አብዛኞቹ ተጫዋቾች አድማጭን ለማስደነቅ የጣት ቅልጥፍና የሚያሳዩ ቀላል ድርሰቶች ይመርጡ ነበር፤ ክላራም በልጅነቷ ያንኑ አቅርባለች። እያደገች ስትሄድ ግን የባኽን፣ የቤትሆቨንንና ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን የሾፓንን ሥራዎች ወደ አዳራሽ ታመጣ ጀመር። ደግሞም ኖታ ፊቷ ላይ ሳታስቀምጥ በቃሏ ትጫወታለች። ይህ ዛሬ የተለመደ ቢሆንም በዚያ ዘመን እንደ ድፍረት ይቈጠር ስለ ነበር በበርሊን አንዲት ስመ ጥር ደራሲ ትዕቢተኛ ናት ብላ ነቅፋታለች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ መድረስ የጀመረችውን የፒያኖና የኦርኬስትራ ድርሰት በ1835 ፌሊክስ ሜንደልሶን ኦርኬስትራውን እየመራ በገቫንድሃውስ ራሷ ተጫወተችው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ክላራና ሮበርት ሹማን እንደሚዋደዱ አባትየው ደረሰበት። በተለይ ለሹማን ፍቅር ሳያሳይ የኖረ ሰው አልነበረም፤ የድርሰት ችሎታውንም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ገቢው ያልተረጋገጠ፣ መጠጥ የሚወድና ጠባዩ የሚለዋወጥ ሰው ልጁን እንዲያገባት አልፈቀደም። በዚህ አባዊ ሥጋት ውስጥ ከፊሉ እውነት ነበር። ከፊሉ ግን ሌላ ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ የደከመበት ሥራ፣ ያውም ገቢ መስጠት በጀመረበት ጊዜ፣ ከእጁ ሊወጣ ነው። በ1836 ክላራን ወደ ድሬስደን ላካት፣ ደብዳቤዎቹን እንድትመልስ አስገደዳት፣ ሹማንንም ቤቴ ብትደርስ በጥይት እመታሃለሁ ሲል ዛተበት። ለዓመት ከመንፈቅ ያህል ሁለቱ አልተገናኙም። በኦገስት 1837 ግን ክላራ በላይፕዚግ ኮንሰርት ላይ የሹማንን ድርሰት ተጫወተች፤ እርሱም ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጦ መልእክቱን አልሳተውም። በማግሥቱ በምስጢር ተጫጩ።

በዚያው ክረምት ዊክ ልጁን ይዞ ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ሄደ። ለክላራ ከዚህ የበለጠ ድል አልገጠማትም። ከዲሴምበር 1837 እስከ ጸደይ ድረስ ኮንሰርት በኮንሰርት ላይ አቀረበች። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ሥርዓት ለማስከበር ፖሊስ አስፈለገ። ግሪልፓርትሰር የተባለው ባለቅኔ የቤትሆቨንን ሶናታ ስትጫወት ሰምቶ ግጥም ጻፈላት፤ ምግብ ቤቶችም በስሟ የተጠራ ኬክ ይሸጡ ጀመር። በማርች 1838 ንጉሠ ነገሥቱ የቤተ መንግሥቱ የክብር ሙዚቀኛ ብሎ ሰየማት። ይህ ማዕርግ የውጭ አገር ተወላጅ፣ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይና ለሆነች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ መሰጠቱ ብዙዎችን አስገርሟል።

በ1839 መጀመሪያ ሁለተኛው የፓሪስ ጉዞ ሲደርስ ዊክ አብሬሽ አልሄድም አላት። አብራት እንድትሆን የቀጠረላት ክላራ የማታውቃትን አንዲት ፈረንሳዊት ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር። ልጅቱ ያለ እርሱ አዳራሽ መከራየት፣ ከሰው መዋዋልና ሒሳብ መያዝ ስለማይሆንላት ተሸንፋና ተጸጽታ ትመለሳለች ብሎ ነው። ክላራ ግን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በጐኑ ሆና ያየችው ሁሉ ነበር። በክረምት ብርድ በፈረስ ጋሪ ከከተማ ወደ ከተማ እየሄደች መንገድ ላይ ኮንሰርት አቀረበች፤ ፓሪስም ደርሳ ደብዳቤዋን ይዛ ዞረች፣ ተማሪዎች አስተማረች፣ በኤፕሪልም የራሷን ኮንሰርት አዘጋጅታ አሳየች። አባት ልጁን ያስተማራት ከእርሱ እንዳትለይ ነበር፤ ያስተማራት ነገር ግን ከእርሱ ተለይታ ለመኖር የሚያስችላት ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ከባድ ወራት ነበሩ። አባቷ በየጊዜው በሚልከው ደብዳቤ ውርስ እንደሚነፍጋት ሲያስፈራራት፣ እጮኛዋ ደግሞ በሌላ በኩል ቁርጥ ያለ መልስ እንድትሰጥ ሲያጣድፋት፣ አንዱንም ሳትጠላ በሁለቱ መካከል ቆማ መለማመድ ነበረባት።

ዊክ ጋብቻውን ለመፍቀድ ያቀረባቸው ቅድመ ሁኔታዎች ምን እንደ ከነከነው ያሳያሉ። ክላራ በሰባት ዓመት ኮንሰርት ካገኘችው ገንዘብ 2000 ታለር ለወንድሞቿ እንድትለቅ፣ ለፒያኖዋና ለዕቃዋ ደግሞ 1000 ታለር እንድትከፍለው ጠየቀ። ታለር በኢትዮጵያ ማርትሬዛ እየተባለ ለረዥም ዘመን ሲሠራበት ከኖረው ብር ጋር አንድ ዘር ያለው የብር ገንዘብ ነው። እንግዲህ የገዛ ጣቶቿ ያፈሩት ሀብት ለእርሷ ዕዳ ሆኖ ቀረበ። በሳክሶኒያ ሕግ ወላጅ ካልፈቀደ ጋብቻው እንዲፈጸም የሚያደርገው ዳኛ ብቻ ስለ ነበር ሁለቱ እጮኛሞች በ1839 አጋማሽ ጉዳዩን ለላይፕዚግ ፍርድ ቤት አቀረቡ።

ክላራ ከፓሪስ ስትመለስ የአባቷ ቤት ተዘግቶ ጠበቃት። የተቀበለቻት በአምስት ዓመቷ የተለየቻት እናቷ ናት። ማሪያኔ ሌላ ባል አግብታ በበርሊን በችግር ትኖር ነበር፤ ሆኖም ልጇን ቤቷ አስገብታ ለጋብቻው ፈቃዷን በጽሑፍ ሰጠች። በዲሴምበር 1839 በተሰየመው ችሎት ፍሪድሪክ ዊክ እየጮኸ ሲሳደብ ዳኛው ዝም እንዲል አዘዘው። ክላራ ይህን ሁሉ እፊቱ ቆማ ሰማች። በሹማን ላይ የቀረቡት ክሶች ከስካር በስተቀር ውድቅ ሆኑ፤ ስካሩንም በማስረጃ እንዲያስረዳ ቀን ተሰጠው። ዊክ ግን ማስረጃ በማቅረብ ፈንታ የስም ማጥፊያ ጽሑፍ አባዝቶ ልጁ ኮንሰርት ልታቀርብ ወደምትሄድባቸው ከተሞች ላከ። እርሷም ጽሑፉ ቀድሟት በደረሰባቸው አዳራሾች ውስጥ እየገባች ተጫወተች። ኦገስት 1 ቀን 1840 ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን ፈቀደ፤ ዊክም ስም በማጥፋት 18 ቀን እስራት ተፈረደበት። ሴፕቴምበር 12 ቀን፣ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ በላይፕዚግ አጠገብ በምትገኝ በሾነፌልድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። አባትና ልጅ የታረቁት ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ የዕርቁን ደብዳቤ የጀመረውም አባት ነበር።

የትዳሩ ሕይወት የራሱ ፈተና ነበረው። ሮበርት ድርሰት ሲደርስ ጸጥታ ይፈልጋል፤ የቤቱ ግድግዳ ስስ ስለ ሆነ እርሱ በሚሠራበት ሰዓት ክላራ ፒያኖዋን መንካት አትችልም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስምንት ልጆች ወለደች። ይህም ሁሉ ሆኖ ከአዳራሽ አልጠፋችም፤ በ1844 እስከ ሴንት ፒተርስበርግና ሞስኮ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። በሜይ 1849 በድሬስደን ሕዝቡ በንጉሡ ላይ ባመፀ ጊዜ ባሏን ወደ ገጠር ካሸሸች በኋላ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ በሌሊት በታጠቁ ሰዎች መካከል አልፋ በከተማው የቀሩትን ልጆቿን አውጥታለች። በፌብሩዋሪ 1854 ሹማን አእምሮው ታውኮ ራይን ወንዝ ውስጥ ራሱን ጣለ፤ ከሞት ቢተርፍም ቦን አጠገብ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ገባ። ሐኪሞቹ ክላራ እንዳታየው ስለ ከለከሉ ከሁለት ዓመት በላይ አልተገናኙም። ያየችው በጁላይ 1856 ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ወዳጆቿ ለችግሯ የሚሆን ገንዘብ እናሰባስብልሽ ቢሏት አልተቀበለችም። ልጆቿን ለዘመድና ለአዳሪ ትምህርት ቤት እያደለች እንደ ገና ጉዞ ጀመረች። ድርሰት መድረሱን ግን ያን ጊዜ ተወችው ማለት ይቻላል፤ ገና በሃያ ዓመቷ ሴት ለድርሰት አልተፈጠረችም የሚል ጥርጣሬ በማስታወሻዋ ጽፋ ነበርና፣ ዓለሙ የነገራትን እርሷም አምናው ኖራለች። አዳራሹ ግን ልጆቿን የሚያበላ እንጀራ ሆነ። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በእንግሊዝ እየተዘዋወረች፣ በሕይወት ሳለ ብዙ ሰው ያልተረዳውን የባሏን ሥራ አድማጭ እስኪለምደው ድረስ ተጫወተችው። በ1878 በፍራንክፈርት በተከፈተው የሆኽ ኮንሰርቫቶር አስተማሪ ሆና እስከ 1892 አገለገለች፤ ከሩቅ አገር ሁሉ የሚመጡ ወጣቶችም ከእርሷ ዘንድ ተማሩ። በሕዝብ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተችው በማርች 1891፣ በሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከቀረበችበት ኮንሰርት አንሥቶ ጠብቃ ያኖረቻቸው የኮንሰርት መርሐ ግብሮች ከ1300 በላይ ናቸው።

ክላራ በሜይ 20 ቀን 1896 በፍራንክፈርት ሞታ በቦን ከባሏ ጋር ተቀበረች። በ1990 የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ባወጣው ባለ 100 ማርክ የወረቀት ገንዘብ በአንዱ ገጽ የወጣትነት መልኳ፣ በሌላው ገጽ ፒያኖ ታትሞበት ነበር። ገንዘቡም በ2002 ዩሮ እስኪተካው ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል።